የጃንሆይ ውሻና የእንግዳ ጫማ

ጥያቄው በየዓመቱ ይመጣል። ትምህርቱ 1966ቱ አብዮት ላይ ሲደርስ ከኋላ መደዳ አንዱ እጁን ያወጣል፤ «ቲቸር፣ የጃንሆይ ውሻ የባለሥልጣን ጫማ ላይ ይሸና ነበር የሚባለው እውነት ነው?» ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሰሞኑን ደግሞ እዚሁ ፌስቡክ ላይ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ሲዘዋወር አየሁት። እና ረዘም አድርጌ ልጻፍበት፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የወሬው ምንጭ። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ጃንሆይ ውድቀት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በእንግሊዝኛ በ1983 ሲወጣ ዓለም አነበበው። መጽሐፉ ገና ሲጀምር ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ የተጻፈ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ይናገራል። ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረች፤ በሥነ ሥርዓት ላይ ከጃንሆይ ጭን ወርዳ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸናለች፤ መኳንንቱ እግራቸውን ማንቀሳቀስ አይችሉም፤ የእኔ ሥራ በሳቲን ጨርቅ እየዞሩ ጫማ መጥረግ ነበር፣ ያውም ለአሥር ዓመት ይላል። በቃ፣ ወሬው ይኸው ነው።

ሉሉ በእርግጥ ነበረች። ጃንሆይ ይዘዋት የተነሷቸው ፎቶዎች አሉ። መጽሐፉ የጃፓን ዝርያ ናት ይላል፤ በፎቶው ላይ የምትታየው ግን ቺዋዋ ናት፣ የሜክሲኮ ዝርያ። ትንሽ ስህተት ናት እንበል። አሥር ዓመት ከዚያች ውሻ ኋላ የሄደ ሰው ግን ምን ዓይነት ውሻ እንደሆነች አልሰማም እንዴ?

አሁን ወደ እኛ አገር ልመልሳችሁ። ሰላ ድንጋይ ዙሪያ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እንግዳ ዝም ብሎ ደጅ አይዘልቅም። ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ ቀጥሎ «ውሻ ያዙልኝ!»። አንድ ልጅ ሮጦ ይወጣና የውሻውን አንገት ይዞ «ግቡ፣ ግቡ፣ አይነካችሁም» ይላል። እልኸኛው ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። እንግዳ ከተነከሰ የሚያፍረው ውሻው አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። ይቅርታ የሚጠይቀውም፣ የሚያሳክመውም እሱ ነው።

ይህ የገበሬ ቤት ወግ ነው፣ ቤተ መንግሥት ሌላ ነው የሚል ይኖራል። ቤተ መንግሥትማ ይብሳል! እዚችው ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ተቀምጠው ይገዙ ነበር። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወደ ሰሜን ሲጓዝ እዚህ አርፎ አግኝቷቸዋል። በሸዋ ቤተ መንግሥት እንግዳ ሲመጣ ባልደረባ ይመደብለታል፤ የሚያስገባው፣ ጉዳዩን የሚያቀርብለት፣ የጎደለውን የሚጠይቅለት እሱ ነው። በር ላይ አጋፋሪ፣ ውስጥ ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ አለ። ማን ቀድሞ ይገባል፣ ማን የት ይቆማል የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነበር። የሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ራስ መኮንንን ወለዱ፣ ራስ መኮንን ጃንሆይን ወለዱ። ወጉ ከቤታቸው ነው የወጣው ለማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ስለ ውሻ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ያነሳል። ትንንሽ ውሾች፣ በተለይ ግልገል ሳሉ፣ እንግዳ ሲያዩ ከደስታም ከፍርሃትም የተነሳ ይሸናሉ። ስለዚህ አንድ ቀን የአንድ ደጃዝማች ጫማ ረጥቦ ሊሆን ይችላል፣ አይሆንም ብዬ አልከራከርም። ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ውሻዋን ወደ ጓሮ ማውጣት፣ ስትዘል ፊት መንሳት፣ ቁጭ ስትል ቁራሽ መስጠት። መምታት ያባብሰዋል እንጂ አያስተዋትም። እልኸኛ የምትባል ውሻ እንኳ በዚህ ትለምዳለች። የአገር መሪዎች የሚስተናገዱበት ቤት ይህን ትቶ ለአሥር ዓመት ጫማ ጠራጊ ቀጠረ የሚለው እኔን አያሳምነኝም።

መጽሐፉ በሌላም ቦታ ይሰናከላል። ጃንሆይ አያነቡም፣ አይጽፉም፣ ሁሉን በጆሯቸው ነው የሚሰሙት ይላል። እኚህ ሰው እኮ ገና በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ የተማሩ፣ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሳሉ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ያዘጋጁ ናቸው። የኢትዮጵያ ታሪክ ምሁሩ ሃሮልድ ማርከስ በ1990 ባወጣው ጽሑፍ መጽሐፉን ክፉኛ ተችቶታል። ፖላንዶቹ ራሳቸው ያነበቡት እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ ሳይሆን በዘመናቸው በነበረው የኮሚኒስት መንግሥት ላይ እንደ ቅኔ ነው። ሰሙ ጃንሆይ፣ ወርቁ የራሳቸው ሹማምንት! እኛ ሰሙን ብቻ ይዘን ቀረን።

ታዲያ የጃንሆይ ጠበቃ ሆንክ እንዴ የሚለኝ አይጠፋም። አልሆንኩም። በ1965 እና በ1966 የወሎ ሕዝብ በረሃብ አለቀ፣ መንግሥታቸው ደበቀ። ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸውን ፊልም ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በቴሌቪዥን ሲያሳይ የቤተ መንግሥት ድግስና ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚታዩበትን ምስል እያፈራረቀ ነበር። በማግስቱ የደርግ መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው የመውረጃቸውን አዋጅ አነበቡላቸው፤ በቮልስዋገን ይዘዋቸው ሄዱ። ውሻ እንደ ማስረጃ ሆና የቀረበችው እንግዲህ ካፑሽቺንስኪ ከመጻፉ በፊት ነው። የተራበው ሰው ምስል ብቻውን በቂ ክስ ነበር። ዛሬ ተማሪው የሉሉን ስም ያውቃል፤ ከወሎ አንድ የተራበ ወረዳ ጥራ ሲባል ግን ዝም ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ከናንተ መካከል ቤተ መንግሥት ያገለገለ አባት፣ አያት ወይም ዘመድ ያለው ካለ ስለ እንግዳ አቀባበሉ የሰማውን ከሥር ይጻፍልኝ። ግን ማን እንደነገረው፣ ተናጋሪው ምን ሥራ ላይ እንደነበረና በዓይኑ አይቶ ይሁን ሰምቶ አብሮ ይጻፍ። ለተማሪዎቼ ላነብላቸው እፈልጋለሁ።