ለጥርስ ክፍተት ተስማሚ የሆነ የጥርስ ማጽጃ ክር አመራረጥ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛና ከሾላ ገበያ እስከ ኮተቤና የእንጦጦ ግርጌ፣ ነዋሪዎች ጥርሳቸውን ለማጽዳት በብዛት የሚጠቀሙት በጥርስ ብሩሽ፣ በመፋቂያና በስቲኪኒ ነው። ብሩሽም ሆነ ከወይራ የተቆረጠ መፋቂያ የጥርስን የፊት፣ የኋላና የማኘኪያ ገጽ ያጸዳሉ። ሁለት ጥርሶች በሚነካኩበት ጠባብ ቦታ ግን አይደርሱም። ይህን ቦታ ለማጽዳት የተዘጋጀው በተለምዶ ፍሎስ ተብሎ የሚጠራው የጥርስ ማጽጃ ክር ነው። ክሩ ቀድሞ ከሐር ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በአብዛኛው ከናይሎን ይሠራል።

ለምን ያስፈልጋል?

በጥርሶች መካከል ሳይጸዳ የሚቆይ የባክቴሪያ ሽፋን ድድን ያስቆጣል፣ ጥርስንም ያቦረቡራል። ሽፋኑ ሲቆይ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በብሩሽ አይለቅም። የድድ መቆጣት ካልታከመ ጥርስን የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ሊመናመን ይችላል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ስለሚከናወን ብዙዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት ጥርሳቸው መነቃነቅ ከጀመረ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጥርሱን ከመንቀል ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። የስኳር ሕሙማንና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ለድድ በሽታ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ በእርግዝና ወቅትም ድድ በቀላሉ ይቆጣል።

ኮክሬን የተሰኘው ዓለም አቀፍ የጤና ጥናት መረብ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ፣ ክር ወይም የጥርስ መሃል ብሩሽ ከመቦረሽ ጋር ሲታከል የድድ መቆጣትን ከመቦረሽ ብቻ በተሻለ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። የማስረጃው ጥንካሬ ዝቅተኛ መሆኑንም አብሮ ገልጿል።

የክር ዓይነቶችና የሚስማሟቸው ሰዎች

ምርጫው መመሥረት ያለበት በምርቱ ስም ወይም በዋጋው ሳይሆን በጥርሶቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

• በሰም የተለበጠ ክር፦ በቀላሉ ስለሚንሸራተት ጥርሳቸው ለተጠጋጋና መጠቀም ለሚጀምሩ ሰዎች ይስማማል።
• ሰም የሌለው ክር፦ ቀጭን ነው፤ በጣም በተጠጋጉ ጥርሶች መካከል ግን ሊተረተር ይችላል።
• ባለ አንድ ዘለላ ክር፦ ከለስላሳ ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን በቀላሉ አይተረተርም። ሌላው ክር ለሚበጠስባቸው ሰዎች ተመራጭ ነው።
• ጠፍጣፋ ክር፦ እንደ ጥብጣብ ሰፋ ያለ በመሆኑ ክፍተታቸው መካከለኛ ለሆነ ጥርሶች ይጠቅማል።
• ጫፉ የጠነከረ ክር፦ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ላሰሩ ወይም ተያይዘው የተተከሉ ሰው ሠራሽ ጥርሶች ላሏቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው።
• ባለ መያዣ ክር፦ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ማስገባት ለሚቸግራቸውና የልጆቻቸውን ጥርስ ለሚያጸዱ ወላጆች ያመቻል።
• የጥርስ መሃል ብሩሽ፦ ድዳቸው ሸሽቶ ሰፊ ክፍተት ለተፈጠረባቸው ሰዎች ከክር የተሻለ ነው። ታጥቦ በድጋሚ ስለሚያገለግል ወጪም ይቆጥባል። በግድ የሚገባ ከሆነ ግን መጠኑ ትልቅ ስለሆነ አነስተኛውን መምረጥ ይገባል።

አጠቃቀም

እጅን በሚገባ ከታጠቡ በኋላ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ቆርጦ በሁለቱ መሃል ጣቶች ላይ መጠምጠም፤ ከዚያም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ በቀስታ ማስገባት ያስፈልጋል። ክሩ ጥርሱን በግማሽ ክብ አቅፎ እስከ ድዱ ጠርዝ ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ ደጋግሞ ከተጸዳ በኋላም በአጠገቡ ባለው ጥርስ ላይ ይኸው ይደገማል። ለእያንዳንዱ ክፍተት ንጹሑን የክሩን ክፍል መጠቀም፣ ያገለገለውንም መጣል ይገባል። በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት ማጽዳት በቂ ነው። ልጆችም ሁለት ጥርሶቻቸው መነካካት ሲጀምሩ በወላጅ እገዛ ሊጸዳላቸው ይገባል።

መወገድ ያለባቸው ልማዶች

ከጥሬ ሥጋ ወይም ከጥብስ በኋላ በጥርስ መካከል የተሰነቀረን ሥጋ በመርፌ፣ በስፒል ወይም በክብሪት እንጨት ማውጣት ድድን ያቆስላል። ስቲኪኒም በኃይል ሲገፋ ተመሳሳይ ጉዳት ያስከትላል። የልብስ ስፌት ክር ለዚህ ተግባር የተዘጋጀ ባለመሆኑ አይመከርም።

ባለሙያ ማማከር የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ክር መጠቀም በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ቀናት ድድ ሊደማ ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ ድዱ አስቀድሞ ተቆጥቶ እንደነበር የሚያሳይ ስለሆነ ማጽዳቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል፦

• ከሁለት ሳምንት በላይ የቀጠለ የድድ መድማት፤
• ምግብ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መሰንቀሩ ወይም ክሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መተርተሩ፣ ይህም የተቦረቦረ ጥርስ ወይም የተበላሸ ሙሌት ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል፤
• የጥርስ መነቃነቅ፣ የድድ እብጠት ወይም መግል።

ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው በሚገኝ ጤና ጣቢያ የጥርስ ሕክምና አገልግሎት መኖሩን መጠየቅ፣ ከሌለም የሪፈር ወረቀት አጽፈው አገልግሎቱ ወደሚሰጥበት ተቋም መሄድ ይችላሉ። የጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብና የትኛው ሕክምና በመድኑ እንደሚሸፈን አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። የሚደማ ድድ በጊዜ ከታከመ ወደ ጤንነቱ ሊመለስ ይችላል፤ የጠፋ አጥንትን መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው።