ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው፦ ከጎሬ አገረ ገዥነት እስከ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት

ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው አገረ ገዥ፣ ጠቅላይ ሚኒስትርና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት በመሆን አገራቸውን አገልግለዋል።

በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተማሩት ራስ ቢትወደድ መኮንን የንግድ ሚኒስትርና በለንደን የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ከሆኑ በኋላ፣ በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዋዜማ ኢሉባቦርን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። የግዛቱ መቀመጫ ጎሬ ከዛሬው ሸካ ዞን በስተሰሜን የምትገኝ ሲሆን፣ የደቡብ ምዕራቡ ቡና በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን የሚሸኝባት የንግድ ከተማ ነበረች።

የስደቱን ዘመን በኢየሩሳሌም ያሳለፉት ራስ ቢትወደድ፣ ከነፃነት በኋላ ከ14 ዓመታት በላይ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሠርተዋል። በ1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲፈረም የኢትዮጵያን ልዑካን ቡድን መርተዋል።

በ1950 ዓ.ም. ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ተነሥተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ሲመረጡ፣ የመወሰኛው አባላት ግን በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። በመሆኑም ከጎሬ እስከ ምክር ቤቱ የያዟቸው ሥልጣኖች ሁሉ ምንጫቸው የንጉሠ ነገሥቱ ሹመት እንጂ የመራጩ ድምፅ አልነበረም።

በድርሰቶቻቸውም የሚታወቁት ራስ ቢትወደድ መኮንን በየካቲት 1955 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም በ1966 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ሹመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል።