የፕሮፔለር ከለላ፦ ድሮን ከኮርኒስ በታች ሲበር

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ተማሪው ለክረምት ሥልጠና ጊዜ የሚያገኘውም ያኔ ነው። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ግን ወሮቹ የዝናብ ወሮች ናቸው። ለምሳሌ ቦኖሻ ከቦዮ ሐይቅ ጋር የሚጎራበት ሰፊ ሜዳ ባለበት በሻሾጎ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ለማብረር ቦታ አይቸግርም፤ ሆኖም ክብደቱ 80 ግራም ብቻ የሆነ ድሮን ዝናብ አይችልም፣ መጠነኛ ነፋስም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ልምምዱ ወደ ክፍል፣ ወደ አዳራሽ፣ ወደ ሳሎን ይገባል። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጮችም በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳሉ። ሙሽሮቹ ገብተው፣ መዘምራኑ ቆመው፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሲሞላ ከላይ የተነሣ ምስል የሚፈልግ ደንበኛ አይጠፋም።

ከጣሪያ በታች ድሮንና ሰው የሚራራቁበት ቦታ የለም። እዚህ የማስተዋውቀው ዕቃ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የውጭ ስሙ ፕሮፔለር ጋርድ ነው፤ በአማርኛ የፕሮፔለር ከለላ እለዋለሁ። ከፕላስቲክ ወይም ከሌላ ቀላል ነገር የተሠራ፣ የድሮኑን ፕሮፔለሮች በዙሪያቸው፣ ሲሻልም ከላይና ከታች ጭምር የሚከልል ቀለበት ወይም ቀፎ ነው። አንዳንዱ በእጅ ተጭኖ ይገጠማል፣ አንዳንዱ በትንንሽ ብሎን ይታሰራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከድሮኑ አካል ጋር አንድ ሆኖ ከፋብሪካ ይወጣል።

ፕሮፔለር የሚለውን ቃል እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ሻጩም ጠጋኙም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። “ክንፍ” ብንለው ሳይንቀሳቀስ አውሮፕላንን አየር ላይ ከሚያቆየው ክንፍ ጋር ይምታታል። ጋርድ ለሚለው ግን ምርጫ ነበረኝ። መኪና የለመደ ሰው ቶሎ “ፓራውልት” ይላል። ፓራውልት ግን ግጭቱን ቀድሞ ተቀብሎ የመኪናውን አካል የሚያድን ዕቃ ነው። “መከላከያ” የሚለው ቃል ከሠራዊቱ ስም ጋር ይገጥማል፤ ድሮን ተብሎ መከላከያ ሲከተል የሰሚው ሐሳብ ወደ ጦር ሜዳ ይሄዳል፣ እኛ ደግሞ የምናወራው ስለ ልጆች መማሪያና ስለ ሰርግ ካሜራ ነው። ከለላ በሁለት ነገሮች መሀል ይገባል፤ የቆመውም ለተጠለለው ነው። የዚህ ዕቃ ዋና ሥራ ይኸው ይመስለኛል። ድሮኑን ከግድግዳ ማዳኑ ሁለተኛ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሰውን ጣት፣ ፊትና ዓይን ከፕሮፔለሩ ይከልላል። ገዢው ይህን ቅደም ተከተል ከያዘ የትኛውን ዓይነት መግዛት እንዳለበት ለማወቅ አይቸገርም።

የሚያስፈራው ምኑ እንደሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 10,000 ጊዜ ቢሽከረከር ጫፉ በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፕሮፔለሩ ከቀጭን ፕላስቲክ የተሠራ፣ በእጅ ሲይዙት ምንም የማይመዝን ነገር ነው። ቆዳ የሚቆርጠው በፍጥነቱና በጠርዙ ስለት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 መጨረሻ ዘፋኙ ኤንሪኬ ኢግሌሲያስ በሜክሲኳ ቲኋና ከተማ መድረክ ላይ ሳለ ዝግጅቱን ይቀርጽ የነበረውን ድሮን በእጁ ሊይዝ ሞከረና ጣቶቹ ላይ ክፉኛ ቆስሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ፣ ዉስተርሻየር፣ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ ከቤት ደጃፍ ያበረረው ድሮን ዛፍ ነክቶ ዞረና የአንድ ሕፃን ፊት ላይ አረፈ፤ ሕፃኑ አንድ ዓይኑን አጣ። ይህ የሆነው ሰማይ ክፍት በሆነበት ግቢ ነው። ሳሎን ውስጥ ዛፍ ባይኖርም መጋረጃ፣ አምፖልና ቁም ሣጥን አለ፤ ሁሉም ከአብራሪው ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ናቸው።

አሜሪካኖች ይህን አደጋ በሕግ ውስጥ አስገብተውታል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ድሮን ከሰዎች በላይ የሚበርበትን ሁኔታ በደረጃ ይከፋፍላል። በመጀመሪያው ደረጃ ድሮኑ የጫነው ሁሉ ተጨምሮ ከ250 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ይጠየቃል፤ በተጨማሪም ሰው ቢነካ ቆዳ የሚቆርጥ የተጋለጠ ተሽከርካሪ ክፍል ሊኖረው አይፈቀድም። “የኔ ድሮን ትንሽ ናት” ማለት ብቻውን አያስኬድም ማለት ነው። ደንቡ የወጣው ለውጭ አየር ቢሆንም አዳራሽ ውስጥ ለሚያበርር ሰው ጥሩ መለኪያ ነው። በእኛ አገር ድሮን ለማስገባትም ለመጠቀምም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ማለትም የኢንሳ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጣሪያ ሥር መሆን ከዚህ ነፃ ያወጣል ብሎ መገመት አያዋጣም፤ ትምህርት ቤቱም ቀራጩም አስቀድመው ይህን ይጨርሱ።

አሁን ወደ ዕቃው። ገበያ ላይ ከለላ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቀላሉ ዓይነት በእያንዳንዱ ፕሮፔለር ውጫዊ ጎን ብቻ የሚዞር ግማሽ ቀለበት ነው። ራይዝ ቴክ የተባለው የቻይና ኩባንያ ከድሮን አምራቹ ከዲጄአይ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው፣ በብዙ አገር ክፍል ውስጥ የኮድ አጻጻፍ ማስተማሪያ የሆነው ቴሎ የተባለው ድሮን ከነባትሪው 80 ግራም ይመዝናል፤ ካርቶኑ ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት ከለላዎች አብረውት ይመጣሉ። ድሮኑ በጎኑ ግድግዳ ሲነካ ቀለበቱ ቀድሞ ይመታል፣ ፕሮፔለሩም ሳይቆም ይቀጥላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከአራቱ አንዱ ፕሮፔለር ግድግዳ መትቶ ከቆመ ድሮኑ ወዲያው ተገልብጦ ይወድቃል። ነገር ግን ከላይ ወይም ከታች የሚመጣ ጣትን ግማሽ ቀለበት አያግድም። ድሮኑን እያየ እጁን ወደ ላይ የሚዘረጋ ሕፃን የሚደርሰው ደግሞ ከታች ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፕሮፔለሩን በሙሉ የሚዞር ቀለበት ነው። ዲጄአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው አቫታ የተባለ ድሮን እንዲህ ያለውን ከአካሉ ጋር አንድ አድርጎ ይዟል። ሦስተኛው ከጎን፣ ከላይና ከታች የሚከልል ቀፎ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለ የአየር ማራገቢያ፣ ቬንትሌተር የምንለው፣ ከፊትም ከኋላም ሽቦ ያለው በምን ምክንያት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። የሽቦው ክፍተት የልጅ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ሽቦው ጌጥ ነው፤ የድሮን ከለላም የሚለካው በዚሁ ነው። በዚህ መንገድ እጅግ የሄደው ፍላያቢሊቲ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ነው። ኤልዮስ የተሰኘው ድሮኑ በክብ ቀፎ ውስጥ ተቀምጦ ይበራል፤ ሰው በቀላሉ በማይገባበት የፋብሪካ ማሞቂያና የነዳጅ ታንከር ውስጥ ግድግዳ እየነካ ይመረምራል። ለቤትና ለክፍል ያን ያህል አያስፈልግም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

እኔ ብጠየቅ ልጆች ባሉበት ክፍል ግማሽ ቀለበት ያለው ድሮን እንዲበር የምፈቅደው ልጆቹ ከመስመር ጀርባ ተቀምጠው፣ አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሲሆን ብቻ ነው። ሰው መሀል ለሚበር ካሜራ ደግሞ ከሙሉ ቀፎ በታች የሆነውን አልቀበልም።

የዝግ ክፍል አየር ከውጭው የተለየ ጠባይ አለው። ድሮኑ ወደ ኮርኒስ ሲጠጋ በፕሮፔለሩና በኮርኒሱ መሀል ያለው አየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ድሮኑም ወደ ላይ ይሳባል። ጀማሪው “ለምን አልወርድም አለኝ?” ብሎ የሚደነግጠው ያኔ ነው። ግድግዳ አጠገብ ደግሞ ወደ ታች የተገፋው አየር ተመልሶ ስለሚዞር ድሮኑን ወደ ግድግዳው ያዘነብለዋል። ወለሉ አጠገብ በተቃራኒው ከታች የሚመለሰው አየር ስለሚደግፈው ለማረፍ ያመነታል። ጠባብ ክፍል ውስጥ አራቱም ነገሮች፣ ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ ወለልና ሰው፣ በአንድ ጊዜ ቅርብ ናቸው።

ጂፒኤስም ቆርቆሮና ኮንክሪት ሥር አስተማማኝ አይደለም። ትንንሾቹ ድሮኖች ቤት ውስጥ ባሉበት የሚቆዩት ወደ ታች የሚያይ ካሜራ ወለሉን እየተከታተለ ስለሚመራቸው ነው። ካሜራው ለመከታተል ብርሃንና መልክ ያለው ወለል ይፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ወይም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ሊሾ ላይ ይደናገራል፤ ምንጣፍ ወይም ኬሻ ማንጠፍ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ከዚህ የከፋው መብራት ሲሄድ ነው። ማታ አዳራሽ ውስጥ ድሮን እየበረረ መብራት ድንገት ቢጠፋ ካሜራው ወለሉን አያይም፤ ድሮኑ ከቦታው ተንሸራትቶ ወደ ወሰደው ይሄዳል፤ አብራሪውም በጨለማ የሚያየው የድሮኑን ትንሽ መብራት ብቻ ነው። እኛ አገር መብራት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሁሉ ስለ ከለላ ሲያስብ ይህችን ደቂቃ ያስብ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ በድሮኑና በታዳሚው መሀል ያለው ያ የፕላስቲክ ቀፎ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ድሮኖች ከሪሞታቸው ጋር ሲቋረጡ ከፍ ብለው ወደ ተነሡበት ቦታ እንዲመለሱ ተደርገው ነው የሚመጡት። ሜዳ ላይ ይህ ያድናቸዋል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ከፍ ማለት ኮርኒስ መምታት ነው። ከማብረር በፊት በመተግበሪያው ውስጥ “ባለህበት ውረድ” ወደሚለው መቀየር ያስፈልጋል። በአንዳንድ ሞዴሎች ከለላ መገጠሙንም እዚያው ማሳወቅ ይገባል፤ ድሮኑ ፍጥነቱን በዚያ ልክ ያስተካክላል።

ከለላ ዋጋ ያስከፍላል፤ ገንዘቡን ማለቴ አይደለም። ክብደት ይጨምራል፤ ስለዚህ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ቴሎ በሙሉ ባትሪ የሚበርረው ቢበዛ 13 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ደቂቃ ይታወቃል። 249 ግራም የሚመዝኑት የዲጄአይ ሚኒ ዓይነቶች ከለላ ሲገጠምላቸው ከ250 ግራም ያልፋሉ። ከለላው ነፋስም ይይዛል፤ ስለዚህ ውጭ ሲወጡ ማውለቅ፣ ሲገቡ መልሶ መግጠም የሚመከርባቸው አሉ። በምስሉ ጠርዝ ላይ ቀለበቱ እየገባ የሚያስቸግራቸው ቀራጮች አውልቀውት ሲያበርሩ ግን ልክ ናቸው አልልም። ጠርዙን በኋላ መቁረጥ ይቻላል።

አዳራሽ ውስጥ ፕሮፔለር የሚስበው አየር ቀላል ነገርን ሁሉ ይዞ ይመጣል። የነጠላ ዘርፍ፣ የሙሽራ ቬሎ፣ ከኮርኒስ የተንጠለጠለ የዲኮር ጨርቅና ሪባን፣ የፊኛ ክር፣ የሴት ልጅ ፀጉር ሁሉ ይጠቀሳል። እንሰት በሚፋቅበት ቤት ደግሞ ቃጫ አለ፤ አንድ ቀጭን ክር በሞተሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ማቆም ይችላል። ግማሽ ቀለበት እነዚህን አያግድም። ቀፎውም ቢሆን ሰፊ ክፍተት ካለው ክር ያሳልፋል። ስለዚህ ከለላ መግጠም ከሰው ራስ በላይ የመብረር ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ቀራጩ መተላለፊያውን ተከትሎ፣ ከታዳሚው ጎን እንጂ ከላዩ ሳይሆን፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ጠፍቶ ቢያበርር የሚፈልገውን ምስል ያገኛል። አብራሪውና አጠገቡ የቆመው ሰው መነጽር ቢያደርጉም ጥሩ ነው።

በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም ያለ፣ ስሪዲ ፕሪንተር የያዘ ቤተ ሙከራ ከለላን ራሱ ሊያትም ይችላል፤ ለተማሪም ደስ የሚል ሥራ ነው። ከውጭ ታዝዞ እስኪመጣ ከመጠበቅም ያድናል። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። አራቱም ከለላዎች ክብደታቸው እኩል ይሁን፤ አንደኛው ከከበደ ድሮኑ ወደዚያ ጎን ያዘነብላል፣ አንዱ ሞተርም ከሌሎቹ በላይ ይደክማል። ቀለበቱ ደግሞ በጣት ሲገፋ ፕሮፔለሩን እንዳይነካ ክፍተት ይተውለት፤ ድሮኑ ግድግዳ ሲመታ ቀለበቱ ወደ ውስጥ መታጠፉ አይቀርም።

ከእያንዳንዱ ግጭት በኋላ ባትሪውን አውጥቶ ከለላውን በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ በዓይን ላትታይ ትችላለች፤ ሲያጥፏት ግን ትከፈታለች። የተሰነጠቀ ከለላ በፕላስተር ታስሮ ወደ ሰው መሀል አይመለስ። በሚቀጥለው ግጭት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ፕሮፔለሩ ይመታዋል፤ ስባሪውም በዚያው በፕሮፔለሩ ፍጥነት ወደ ታዳሚው ይፈናጠራል።