ከታጁራ እስከ አንኮበር፦ ባሕር የለቀቀው ድንጋይና ምስሉ

በ1841 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከቦምቤይ ተነሥቶ በታጁራ በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር፣ ወደ ሸዋ፣ ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንጎለላ፣ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። የዚህ ጉዞ ታሪክ ሲነሳ የሚወራው ስለ ውሉና ስለ ስጦታው መድፍ ነው። ከቡድኑ ጋር ግን ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር። በ1852 ለንደን ላይ የታተመው የሥዕል መድበሉ ሁለት ክፍል አለው፦ አንደኛው የአፋርን ቆላ፣ ሁለተኛው የሸዋን ደጋ ያሳያል። እኛ ዘወትር የምንገልጠው ሁለተኛውን ነው፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ሰልፉና ግብሩ ያለው እዚያ ነውና። የእኔ ክርክር ግን የመጀመሪያው ክፍል ለሸዋ ታሪክ ከሁለተኛው አያንስም የሚል ነው። ምክንያቱም በርናትስ ሳያስበው የሣለው አንድ ባሕር ወደ ምድር የገባበትንና የሸሸበትን መንገድ ነው።

መንገዱን እንከተለው። ታጁራ ላይ፣ በባሕረ ሰላጤው ውስጥ፣ ኮራል ዛሬም በሕይወት አለ። ከዚያ ተጓዡ ወደ አሳል ሐይቅ ይወርዳል። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተከበበና ዳሩ በጨው የነጣ ሐይቅ ነው። አፋሮች ጨዉን በግመል ጭነው እስከ ሸዋ መናገሻ እስከ አንኮበር ግርጌ፣ እስከ አልዩ አምባ ገበያ ያደርሱት ነበር። ስለዚህ የሸዋ ሰው ባሕሩን ባያየውም ከባሕሩ የተረፈውን በየቀኑ ወጡ ውስጥ ይቀምሰው ነበር ማለት ነው። ከዚህ መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን፣ በደናክል ዝቅተኛ ምድር ዳር፣ ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር ጎርፎ በገባ ጊዜ የበቀለ የኮራል ቅጥር ውኃው ከሸሸ በኋላ ድንጋይ ሆኖ በረሃ ላይ ቆሞ ይገኛል። የባሕር ጠረፍ የሌላት ኢትዮጵያ ዛሬ ያላት ኮራል እንዲህ ያለው ብቻ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳውም ሰው የሚያስፈልገው የመጥለቂያ ልብስ ሳይሆን ውኃና ግመል ነው።

«ይህ የአፋር ነገር ነው፤ አንኮበር ምን አገባት?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንኮበር የቆመችበት ጥቁር ድንጋይ ከባሕር አልመጣም፤ ከመሬት ሆድ ፈስሶ የረጋ ባዛልት ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት ከእነዚህ የባዛልት ድርቦች አንዱን የሰየሙት በዚሁ አገር ስም፣ በጣርማበር ነው። ነገር ግን ከዚህ ባዛልት በታች ምን እንዳለ ለማየት ወደ ምዕራብ፣ ጀማ ወንዝ ወደ ቆረጠው ሸለቆ መሄድ ይበቃል። ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ገደሉን ሲወርዱ ጥቁሩ ድንጋይ ያልቅና ከሥሩ ሌላ ዓለም ይጀምራል፤ ዝቅ ሲሉም 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የኖራ ድንጋይ አለ። ይህ ድንጋይ የሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ወለል ነበር፤ በውስጡም የኮራልና የዛጎል ቅሪት ይገኛል። ድንጋዩን ውኃ አርሰው፣ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ቢያዩት፣ በኮራሉ ክብ ውስጥ ከመሀል ወደ ዳር የተዘረጉ ስስ ግድግዳዎች ብቅ ይላሉ። በቀትር ብርሃን ግን ይጠፋሉ፤ ጥላ ያስፈልጋቸዋል። የጀማ ሸለቆና ደናክል የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፦ ባሕር ወደዚህ አገር የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ሥዕል ፎቶ አይደለም፤ ሠዓሊ ያስውባል፣ ይጨምራል። እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ዘመን ካሜራው ራሱ ለዚህ መንገድ አልተሠራም ነበር። ከበርናትስ ጉዞ በኋላ፣ ከ1850ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የእርጥብ መስታወት ዘዴ እንኳ መስታወቱ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ተቀብቶ፣ ተነሥቶ፣ ታጥቦ እንዲያልቅ ያስገድዳል፤ ጨለማ ድንኳንና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። በአሳል ሙቀት፣ ለመጠጥ እንኳ በሚቸግር ውኃ፣ ይህ የሚታሰብ አይደለም። በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ካሜራ ይዞ ነበር፤ የፎቶ አንሺዎቹ ዋና ሥራ ግን ካርታና ንድፍ ማባዛት ነበር። ከዚያው ጦር ጋር የተጓዘው የሥነ ምድር ሊቅ ዊሊያም ብላንፎርድ ደግሞ የሰሜኑን የኖራ ድንጋይ በአንጣሎ ስም ሰየመው፤ የጀማው ድንጋይም ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ አርተር ራምቦ በ1883 ሐረር ላይ ፎቶ ያነሳ ነበር፤ በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ በታጁራ መንገድ አንኮበር ሲደርስ ግን ልቡ ከሒሳቡ ላይ ነበር። ስለዚህ የበርናትስ ሥዕል ከፎቶ ያነሰ ነው ብለን ልንጥለው አንችልም፤ በቦታው የነበረው ዓይን የእሱ ነው። ማጋነኑንም ማጣራት ይቻላል። የቤተ መንግሥቱ ሰልፍ አልፏል፤ ተመልሶ የሚመሰክር የለም። ድንጋዩ ግን ከቦታው አልሄደም።

የሃሪስ ተልእኮ የእንግሊዝን ጥቅም ለማስከበር እንደመጣ አልክድም። ይህ ግን ምስሉን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ መንገድ የሚፈልግ መንግሥት የውኃውን ጉድጓድ፣ ቁልቁለቱንና የድንጋዩን ዓይነት በትክክል ማወቅ ይጠቅመዋልና። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው፦ እኛ ራሳችን ያን ሥራ አለመቀጠላችን። ወደ አንኮበር የሚወጣ ካሜራ ሁሉ ሸንተረሩንና ጉሙን አንሥቶ ይመለሳል፤ የጀማ ገደል ደግሞ የመኪና መስኮት እይታ ሆኖ ቀርቷል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የአካባቢው ፎቶ አንሺዎች በርናትስ ከቆመባቸው ቦታዎች የሚታወቁትን ለይተው ዳግም ያንሷቸው፤ የጀማንም የኖራ ድንጋይ ድርብ በድርብ፣ መለኪያ አጠገቡ አስቀምጠው፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፈው ያንሡ። መንገድ ሲሰፋና ድንጋይ ሲፈለጥ የሚጠፋው ይህ ነውና፣ ሥራው ዛሬ ይጀመር።