ቴዎፍሎስ ዋልድማየር
ቴዎፍሎስ ዋልድማየር (1832-1915 እ.ኤ.አ.) በዳግማዊ አጼ ቴዎድሮስ ዘመን ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የኖረ የስዊስ ተወላጅ ሚሲዮናዊ ነበር። ወንጌል ሊያስተምር ቢመጣም ንጉሡ ከጓደኞቹ ጋር በእጅ ሥራ አሠማሩት። መድፍ መሥራት ያልተማሩት እነዚህ ሰዎች ሙከራው ደጋግሞ ከከሸፈባቸው በኋላ በ1867 እ.ኤ.አ. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ሠሩ።

ዋልድማየር አማርኛ ተምሮ፣ የሊቀ መኳስ ዮሐንስን (ጆን ቤልን) ልጅ ሱዛንን አግብቶ ጋፋት ላይ ጎጆ ወጣ። ሱዛን በእናቷ ኢትዮጵያዊት ናት። በመጨረሻ ግን ንጉሡ ስለጠረጠሯቸው የጋፋት ባለሙያዎች በጥበቃ ሥር ዋሉ። መድፉን በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ለመጎተት 6 ወር ያህል ፈጀ።

ከ1868ቱ የመቅደላ ጦርነት በኋላ ሊባኖስ ገብቶ በብሩማና ትምህርት ቤት፣ ኋላም በአስፉሪየ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ።