ከአንድ መዝገብ ወደ ተከፋፈለ ኃላፊነት
አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ መረብ ጥቂት ኮምፒዩተሮችን ብቻ ባገናኘበት ዘመን፣ የሁሉም ስምና አድራሻ በአንድ ፋይል ተመዝግቦ በካሊፎርኒያ ኤሊዛቤት ፋይንለር በሚመሩት ክፍል ይጠበቅ ነበር። መረቡ እየሰፋ ሲሄድ ግን ቅጂው ለሁሉ ሳይዳረስ ያረጅ ጀመር፤ አሮጌውን የያዘም አዲሱን ኮምፒዩተር ሊያገኘው አልቻለም።

ከዚህ የተነሣ ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. የነደፉት የስሞች ሥርዓት ኃላፊነቱን አከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ስሞች ይመዘግባል፤ ጠያቂውም ከባለቤቱ ይረዳል፤ ለጊዜው የሚቀመጠው መልስም የዕድሜ ገደብ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ኮንሰል የተባለው ሶፍትዌርም ይህንኑ ሐሳብ አስፋፍቶ፣ የፕሮግራሞችን ቅንብር ይይዛል፤ አገልግሎቶችን ይመዘግባል፤ ሥራቸውን እየመረመረም የተቋረጠውን ከመልሱ ያወጣል።

ስለዚህ መዝገብ የሚታመነው በአንድ እጅ በመጠበቁ ሳይሆን፣ እውነቱን የሚያውቀው ክፍል ራሱ በየጊዜው ሲያድሰው ነው።