የሚገባው ውሃና የሚወጣው ውሃ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ውሃ አላጣችም። ፍልውሃ ለመታጠቢያ፣ የእንጦጦ ምንጮች ለመጠጥ፣ ቀበናና ግንፍሌ ለልብስና ለከብት ይበቁ ነበር። የመንደሩን ጥራጊ ደግሞ ሌሊት ጅብ ያነሳው ነበር። ሰፈሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ጣሪያ ያዘቀዘቀ በመሆኑ የላዩ ሰው ንጹሕ ምንጭ ሲቀዳ፣ የታቹ ሰው የላዩ ሰው የደፋውን ይቀበላል። ይህ ተዳፋት የከተማዋን የውሃ ታሪክ እስከ ዛሬ ይመራዋል።

የመጀመሪያው ቧንቧ የገባው ለቤተ መንግሥቱ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ ስቦ ወደ ግቢው ኮረብታ አወጣ። ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ስለነበር ውሃው ቁልቁል ወርዶ በራሱ ግፊት ማዶውን ወጣ። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አይቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ትንግርት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው እያንዳንዱ እቅድ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ ተጨማሪ ውሃ ከየት ይምጣ? በምዕራብ ገፈርሳ ተገደበ፤ የከተማዋ ሕዝብ ሲበዛ እ.ኤ.አ. በ1970 በምሥራቅ ለገዳዲ ተከተለ፤ በ1999 ድሬ ታከለበት። የአቃቂ ጉድጓዶች ሲመጡ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አቃቂ ከከተማው ታች ነው፤ ውሃው በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተገፋ ሽቅብ መውጣት አለበት። መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰፈር ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሌሊት ውሃ ሲመጣ እናት ከእንቅልፏ ተነስታ ጀሪካኑን ሁሉ ትሞላለች፣ አቅም ያለው ሮቶ ይሞላል፣ ቧንቧ የሌለው ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ቦኖ ይሰለፋል።

የገባ ውሃ ግን መውጣቱ አይቀርም። ከተማዋ ውሃዋንና ፍሳሿን አንድ ላይ የሚይዝ ባለሥልጣን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ኢልግ ቧንቧውን ከዘረጋ ሰባ ዓመት አልፎ መሆኑ ነው። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቦታው በደንብ የታሰበበት ነበር፤ ከተማዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘቀዝቅ ፍሳሹ ያለ ፓምፕ ይደርስለታል። የጎደለው እዚያ የሚያደርሰው መስመር ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሽንት ቤቱን በጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሲሞላ ፍሳሽ ማንሻ ቦቴ እየጠራ ኖረ። ቦቴው በማይገባበት ጠባብ ሰፈር ግን ጉድጓዱ ሲሞላ ፍሳሹን የሚቀበለው ወንዙ ነበር።

ያ ወንዝ የት እንደሚደርስ መከተል ያስፈልጋል። ቀበናና ሌሎቹ የአቃቂን ወንዝ ይቀላቀላሉ። በዳርቻው ሰላጣና ጎመን በዚሁ ውሃ ይለማል፤ ተመልሶም የከተማው ገበያ ይገባል። ከታች አባ ሳሙኤል ግድብ አለ፤ በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት ከተሠሩት ቀደምቶቹ አንዱ። በደለል ተሞልቶ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ እንደገና የተነሳው በቅርቡ ነው። ከዚያም የአዋሽ ወንዝ፣ ከአዋሽም የቆቃ ግድብ። በኢትዮጵያ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው። እምቦጭን የሚያወፍረው ደግሞ ከላይ የሚወርደው ንጥረ ምግብ የበዛበት ውሃ ነው።

አዋሽ በአገራችን የተፋሰስ እቅድ በሕግ ከወጣላቸው ወንዞች የመጀመሪያው ነበር፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ዋና ጉዳዩ ግን ከቆቃ በታች ያለው መስኖና እርሻ ነበር። ከላይ የሚወርደው የከተማ እጣቢ የእቅዱ አካል አልሆነም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነበር፤ ዋጋውን እስከ ዛሬ የሚከፍሉት ከታች ያሉ ገበሬዎች ናቸው።

በአገር ደረጃ የውሃው ታሪክ እንዲህ ነው። የውሃ ሀብት ፖሊሲው እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ በ2002 የ15 ዓመት መርሐ ግብር ተከተለ። በ2005 የወጣው እቅድ በ2012 ለገጠሩ 98 በመቶ፣ ለከተማው 100 በመቶ ውሃ ለማዳረስ ቆርጦ ተነሳ። ያ ግብ በጊዜው አልተደረሰበትም፤ ቢሆንም በመንግሥታቱ ድርጅት መለኪያ ከ1990 እስከ 2015 የተሻሻለ ውሃ የሚያገኘው ሕዝብ ከ13 ወደ 57 በመቶ አድጓል። በዚያው ጊዜ በየሜዳው የሚጸዳዳው ሕዝብ ከ92 ወደ 29 በመቶ ወርዷል። ይህን ካመጡት መካከል በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይገኙበታል፤ እነዚህ ወጣት ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ሽንት ቤት አስቆፍረዋል። ለግድብ የሚሰጠውን ክብር ያህል ለእነሱ አለመሰጠቱ ያስቆጫል። ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርትና ፋይናንስ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ መርሐ ግብር ሥር ያሰባሰበው የ2013ቱ እቅድም ትክክለኛ እርምጃ ነው።

በቃሊቲ ዛሬ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ አለ፤ በኮንዶሚኒየም መንደሮችም ትንንሽ ማጣሪያዎች ተተክለዋል። የወንዞቹ ዳርቻም እየለማ ነው። የሚቀረው ሥራ ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ በየጠባቡ ሰፈር ድንጋይ ፈንቅሎ፣ ለድሃው ቤት የማገናኛ ወጪውን ሸፍኖ፣ ሽንት ቤቱን ከዋናው መስመር ማያያዝ።